ከሉትሲኪቭካ እስከ ሻላ ሐይቅ፤ የአሌክሳንድር ቡላቶቪች ሕይወት

ሰው ካገሩ የሚወጣው ወይ ድህነት ገፍቶት፥ ወይ ጦር አባሮት፥ ወይም የሌላው አገር ባዶ መሬት መስሎ ታይቶት ነው። ከሦስቱም ብዙ መከራ የሚያመጣው ሦስተኛው ነው። እኛ በቂርቆስና በካዛንቺስ በኩል የምንመላለስ ተማሪዎች ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ፋሺስት ጣልያን ከ1936 እስከ 1941 ድረስ አገራችንን በያዘበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት ድርጅት ስም የመጣ ነው። ሰፋሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ከጣልያኖቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ፥ ዛሬ ዩክሬን ከምትባለው አገር ወደብ ተነሥተው ወደኛ አቅጣጫ ለመስፈር የመጡ ሰዎች ነበሩ። ኒኮላይ አሺኖቭ የተባለ ራሱን የኮሳኮች አለቃ ያደረገ ሰው፥ በ1888 የሩሲያ ክርስትና 900ኛ ዓመት በኪየቭ ሲከበር ሁለት ኢትዮጵያውያን መነኰሳትን ይዞ በበዓሉ ላይ ተገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ ወንድ ሴቱን ሕፃናቱን ጨምሮ ወደ 150 የሚጠጋ ሕዝብ ሰብስቦ ከኦዴሳ በመርከብ ተነሣ። በ1889 መጀመሪያ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሳጋሎ ከሚባል ከአንድ አሮጌ የግብፅ ምሽግ ገብተው ሰፈሩ። ቦታው የኔ ነው የምትለው ፈረንሳይ ግን በየካቲት ወር መርከቦቿን ልካ ምሽጉን በመድፍ ደበደበችው። ከሞቱት ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሩሲያ መንግሥትም ሰፋሪዎቹን ከዳቸው፤ የተረፉት ወደ መጡበት ተመለሱ። የታሪካችን ባለቤት ቡላቶቪች በኋላ የመጣው በዚህ ፍርስራሽ አጠገብ በሚያልፈው መንገድ ነው።

አሌክሳንድር ቡላቶቪች በ1870 ኦርዮል በተባለች የሩሲያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጄኔራል ነበሩ፤ ነገር ግን እሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱበት። ያደገው በቤተ ሰቡ ርስት በሉትሲኪቭካ መንደር ነው። መንደሩ ያን ጊዜ በካርኮቭ ግዛት ሥር የነበረ ሲሆን ዛሬ በዩክሬን በሱሚ ክፍለ ሀገር ይገኛል። ስለዚህ ሰውየው የመስኮብ መኰንን ቢሆንም በልጅነቱ የሮጠበት ጥቁር አፈር የዩክሬን አፈር ነው። በፒተርስቡርግ ከተማረ በኋላ በ1891 ከንጉሡ ክብር ዘበኛ ፈረሰኞች ጋር ተቀላቀለ።

በ1896 የአድዋ ድል ሲሰማ የሩሲያ ቀይ መስቀል ለቍስለኞች ሐኪሞችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ቡላቶቪች አማርኛ መማር ጀምሮ ስለ ነበር አብሮ እንዲሄድ ተፈቀደለት። ቡድኑ ጂቡቲ ደርሶ የጭነት ከብት ባጣ ጊዜ ወደ ሐረር ቀድሞ የተላከ እሱ ነው፤ በግመል ገሥግሦ ከአራት ቀን ባነሰ ጊዜ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ ወለጋን አቋርጦ እስከ ባሮ ወንዝ ተጓዘ፤ ያየውንም በ1897 በመጽሐፍ አሳተመ።

ትልቁ ጉዞው የሚከተለው ነው። በ1897 ካፋ ተሸነፈች፤ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። ዳግማዊ ምኒልክ የአውሮፓ መንግሥታት ከደቡብ ሳይቀድሟቸው ድንበራቸውን ለማስፋት፥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስን እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፥ ማለት እስከ ዛሬው ቱርካና፥ እንዲዘምቱ አዘዙ። ቡላቶቪች በ1898 መጀመሪያ ከሠራዊቱ ጋር ካፋን ዘልቆ ሄደ፤ በሚያዝያም ከሐይቁ ደረሰ። በመንገዱ ሁሉ ካርታ ያነሣ ነበር። ከኦሞ ወንዝ ወዲህ ያለውንም የተራራ ሰንሰለት በንጉሡ በዳግማዊ ኒኮላይ ስም ጠራው። በዚያ ተራራ ጥግ የሚኖረው ሕዝብ ግን ተራራውን በራሱ ቋንቋ ሲጠራው የኖረ ነው። ለመንገደኛው አዲስ የሆነ አገር ለነዋሪው የአባቱ ቤት መሆኑን ካርታው አይናገርም።

ቢሆንም ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ አልተጓዘም። በ1900 ባሳተመው ሁለተኛ መጽሐፉ የዘማቹን ትዕግሥትና ጽናት ያደንቃል፤ ቀስትና ጦር ብቻ የያዘ ሕዝብ በጠመንጃ ፊት እንዴት እንደ ወደቀም ይነግረናል። በመጻሕፍቱ ስለ ዘመቻዎቹ ጥፋት ያሰፈረው ነገር እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ያከራክራል። ከዘመቻው በኋላ በደቡብ ወታደር ሰፈረ፤ ገበሬውም ገባር ሆነ። ይህ የመስፈር ታሪክ የኛው የራሳችን ነውና ስንጠይቅ ፈረንጁን ብቻ ልንጠይቅ አይገባንም።

በዚሁ ዘመቻ ቡላቶቪች ክፉኛ ቈስሎ ለሞት የተተወ አንድ ትንሽ ልጅ አገኘ። አንሥቶ አስታመመው፥ ወደ ሩሲያም ወሰደው። ልጁ ቫሲሊ ተብሎ ተጠመቀ፤ በቤት ቫስካ ይሉት ነበር፤ በሉትሲኪቭካም ኖረ። እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። ከዩክሬን ወደኛ ለመስፈር የተነሡት በመድፍ ተመለሱ፤ ከኦሞ በታች ወደ ዩክሬን ገጠር የደረሰው ግን ማንም ፈቃዱን ያልጠየቀው ሕፃን ሆነ። እኩዮቹ በመልኩና በጉዳቱ ያሾፉበት እንደ ነበር ይነገራል። በ1907 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

አሳዳጊው በበኩሉ በ1903 ሠራዊቱን ትቶ መነኰሰ፤ ኋላም በግሪክ በአቶስ ተራራ አባ አንቶኒ ተብሎ ተቀመጠ። በ1911 እንደገና ወደ አዲስ አበባ መጣ። ቫስካን ለማየት ናፍቆ ነበር፤ ከዚያም ሌላ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሩሲያ ገዳም የማቋቋም አሳብ ነበረው። ለታመሙት ለምኒልክ ጸልዮ ጠበልም አቀረበ። የገዳሙ አሳብ ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ እሱም ተመለሰ። በአቶስ የእግዚአብሔር ስም ራሱ እግዚአብሔር ነው የሚለውን ትምህርት ደግፎ ስለ ተነሣ ታላቅ ክርክር ሆነ፤ በ1913 የሩሲያ መንግሥት ከ800 በላይ መነኰሳትን በመርከብ አስጭኖ ወደ ኦዴሳ አመጣ። አሺኖቭ ሰፋሪዎችን ይዞ በወጣበት ወደብ አሁን ከሰፈሩበት የተነቀሉ መነኰሳት ገቡበት። ቡላቶቪች በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊት ቄስ ሆኖ አገለገለ። ከዚያ ወደ ሉትሲኪቭካ ተመልሶ ሳለ፥ በ1919 በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ወንበዴዎች ገደሉት።

ሰውየው ደፋር፥ ሃይማኖቱን የጠበቀ፥ ለአንድ ሕፃንም የራራ ነበር፤ ይህን ልንነሣው አንችልም። ዳሩ ግን ያ ሕፃን የቈሰለው እሱ ባጀበው ዘመቻ ነው። አንዱን ማዳን ሌላውን አያስረሳም። የቡላቶቪችን መጻሕፍት ዛሬም ማንበብ እንችላለን፤ ቫስካ የጻፈው ግን በእጃችን የለም።

መስፈርና መነሣት ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። በ2024 ከካዛንቺስ ብዙ ቤተ ሰብ ተነሥቶ ወደ ገላን ጉራ ሲሄድ ጎረቤት ከጎረቤት፥ ዕድርተኛ ከዕድርተኛ ተለያይቷል። ስለዚህ እኛ የታሪክ ተማሪዎች፥ ሰፋሪ ወይም አስፋሪ የጻፈውን መጽሐፍ በገለጥን ቍጥር፥ በዚያ መሬት ላይ አስቀድሞ የነበረው ማን ነው፥ የተወሰደውስ ልጅ ምን ይል ነበር ብለን እንጠይቅ። ቡላቶቪች ካርታውን ሠርቶልናል፤ በካርታው ላይ የጐደሉትን ሰዎች መሙላት የኛ ፈንታ ነው።