የንጉሡ የቴዎዶስዮስ ንስሐና ካሣ

ሰው በደሉን አምኖ ከበደለው ጋር ለመታረቅ ሲነሣ ቋንቋችን የሚያበድረው ቃል አያጣም። ጸጸት ስንል በልብ የሚያድረውን ሐዘን እንናገራለን፤ ኑዛዜ ስንል በአንደበት የሚወጣውን መታመን፥ ካሣ ስንል ደግሞ በእጅ የሚፈጸመውን ሥራ እንናገራለን። ንስሐ የሚለው የግእዝ ቃል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እነዚህን ሦስቱን በአንድነት አስተባብሮ ይይዛል። ነገር ግን ያዘነ ሁሉ አይናዘዝም፤ የተናዘዘም ሁሉ አይክስም። ስለዚህ ሦስቱን ሳይነጣጥል ለመፈጸም የደከመውን የታላቁን ንጉሥ የቴዎዶስዮስን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቴዎዶስዮስ በ347 ዓ.ም. በእስጳንያ ተወለደ። አባቱም በዚያው ስም የሚጠራ ስመ ጥር የጦር አለቃ ነበረ፤ ለሮም መንግሥት በብሪታንያና በአፍሪካ ከተዋጋ በኋላ ግን በ376 ዓ.ም. ግድም በቤተ መንግሥት ትእዛዝ በቅርጣግና ከተማ አንገቱን ተቀላ። ልጁም ከሹመቱ ርቆ በአገሩ ተቀመጠ። በ378 ዓ.ም. ንጉሡ ዋሌንስ ከጎቶች ጋር ሲዋጋ በወደቀ ጊዜ፥ የምዕራቡ ንጉሥ ግራትያኖስ ቴዎዶስዮስን ጠርቶ በ379 ዓ.ም. በምሥራቁ ክፍል ላይ አነገሠው። በማግሥቱም ዓመት በተሰሎንቄ ሳለ በጽኑ ታመመ፤ በከተማይቱ ጳጳስ በአስኮልዮስ እጅም የክርስትናን ጥምቀት ተቀበለ። በ381 ዓ.ም. መቶ ኀምሳው አባቶች በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት የመሰከሩት በእርሱ ጥሪ ነው። በ431 ዓ.ም. የኤፌሶን ጉባኤ የተደረገው ግን በልጅ ልጁ በቴዎዶስዮስ ዘይንእስ ዘመን ስለ ሆነ፥ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ይህ ንጉሥ መሐሪም ቍጡም ነበረ። በ387 ዓ.ም. የአንጾኪያ ሰዎች ግብር በዛብን ብለው ሁከት አንሥተው የእርሱንና የሟች ባለቤቱን ሐውልት ጥለው በጎተቱ ጊዜ፥ ሊቀ ጳጳሳቱ ፍላብያኖስ በሽምግልናው ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዶ ቢለምነው ከተማይቱን ማረ። በዚያ ወራት ሕዝቡን በስብከቱ ያጽናና የነበረው፥ ያን ጊዜ ገና ቄስ የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነው።

በ390 ዓ.ም. የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበረ። በተሰሎንቄ የሠራዊት አለቃ የነበረው ቡተሪክ የተባለ የጎት ሰው፥ ሕዝቡ የሚወደውን አንድ ሠረገላ ነጂ በነውር ሥራ ምክንያት አሰረው። የእሽቅድምድሙ ቀን በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ይፈታልን ብሎ ጮኸ፤ በተከለከለም ጊዜ ሁከት አንሥቶ ቡተሪክን ገደለው። በሚላኖ ይኖር የነበረው ንጉሥ ይህን ሰምቶ እጅግ ተቈጣ። የሚላኖ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ እንዲታገሥ ደጋግሞ ለመነው፤ ሆኖም ከተማይቱ በሰይፍ እንድትቀጣ ትእዛዝ ወጣ። ቍጣው በበረደ ጊዜ የፊተኛውን የሚሽር ሁለተኛ ትእዛዝ ላከ፤ ነገር ግን ሰይፉ ቀድሞት ነበር። ወታደሮቹ ጥፋተኛውን ከንጹሑ፥ የአገሩን ሰው ከእንግዳው ሳይለዩ ፈጁ። ታሪክ ጸሓፊው ቴዎዶሪጦስ የሞቱትን 7,000 ያደርሳቸዋል። ሶዞሜኖስም ስለ ሁለት ልጆቹ ሊሞትላቸው ስለ ለመነ አንድ ነጋዴ ይተርካል፤ ወታደሮቹ ቍጥር መሙላት አለብን ብለው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ባሉት ጊዜ፥ አባት መምረጥ ስላልቻለ ሁለቱም በፊቱ ተገደሉ። እንግዲህ በቤተ መንግሥት ትእዛዝ አባቱን ያጣው ሰው የብዙዎችን አባትና ልጅ በትእዛዝ አጠፋ፤ ያውም በተጠመቀባት ከተማ ነው።

ቅዱስ አምብሮስዮስ በዚያን ጊዜ ከሚላኖ ወጥቶ ነበረ። ቴዎዶሪጦስ ጳጳሱ ንጉሡን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ እንደ ከለከለው ይተርካል፤ ከራሱ ከጳጳሱ ደብዳቤ የምንረዳው ግን ነገሩ በምስጢር እንደ ተጀመረ ነው። ሌላ ሰው እንዳያነበው በገዛ እጁ ጻፈለት። የዳዊትንና የነቢዩ የናታንን ነገር አስታወሰው፤ ኀጢአት በዕንባና በንስሐ እንጂ በሌላ እንደማይወገድ አስረዳው፤ ንጉሡ በተገኘበትም መሥዋዕቱን ለማቅረብ እንደማይደፍር አስታወቀው። ደብዳቤው የሚወደውን ሰው ለማዳን የሚጨነቅ አባት ቃል ነው እንጂ የጠላት ቃል አይደለም።

ንጉሡ ምክንያት መደርደር ይችል ነበረ። የጀመሩት እነርሱ ናቸው፥ ወታደሮቹ ከልክ አለፉ፥ እኔ ሽሬው ነበር ማለት አያዳግተውም ነበር። እርሱ ግን የመንግሥቱን ልብስ አውልቆ በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት ስለ ኀጢአቱ አለቀሰ፤ ቀኖናውንም እንደ ማንኛውም ምእመን ተቀበለ። ቴዎዶሪጦስ እንደሚለው ስምንት ወር ከቅዱስ ቍርባን ተለይቶ ቆይቶ በዚያው ዓመት በልደት በዓል ወደ ምእመናን ኅብረት ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ካሣ ነው። የሞተን ሰው ማን ሊክስ ይችላል? ሕይወትን ሊመልስ የሚችል ወርቅ በንጉሥ ግምጃ ቤትም የለም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚናገሩት ግን ንጉሡ ጥፋቱ የገባበትን በር በሕግ ዘጋው። ይኸውም ንጉሥ በቍጣ የሞት ፍርድ ቢያዝዝ፥ ፍርዱ 30 ቀን ሳይቆይ እንዳይፈጸም የሚል ነው። ሕጉ በ438 ዓ.ም. በልጅ ልጁ ዘመን በወጣው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ የተጻፈው ዓመት 382 በመሆኑ የታሪክ ሊቃውንት ስለ ቀኑ ይከራከራሉ፤ የጥንቶቹ ጸሓፊዎች ግን ከተሰሎንቄው ደም ጋር ያያይዙታል። የሞቱትን መመለስ ያልቻለ ሰው ገና ያልሞቱትን መጠበቅ ይችላልና፥ ይህም ካሣ ነው።

ቴዎዶስዮስ ጥር 17 ቀን 395 ዓ.ም. በሚላኖ ዐረፈ። በአርባኛው ቀን ልጁ ኦኖርዮስ ባለበት የኀዘኑን ስብከት ያሰማው ያው የገሠጸው ቅዱስ አምብሮስዮስ ነው። ከጦር ድሉ ይልቅ ትሕትናውን አመሰገነ፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ስሕተት ሳያዝን የዋለበት ቀን እንዳልነበረም መሰከረ። ሥጋው ወደ ቁስጥንጥንያ ተወስዶ በቅዱሳን ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? የንስሐ አባቶች የሆንን፥ ኀጢአተኛውን በአደባባይ ከማሳፈር በፊት በምስጢር መምከርን፥ ነገር ግን የሰውን ፊት አይቶ ቀኖናን አለማቅለልን ከቅዱስ አምብሮስዮስ እንማር። ምእመናንም ሁላችን፥ ይቅር በሉኝ ማለት የነገሩ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ እንዳልሆነ ከንጉሡ እንማር። በአገራችን ደም የተቃቡ ወገኖች ሲታረቁ፥ ሽማግሎች ካሣ ሳይቈርጡ ዕርቁ እንደማይጸና ያውቃሉ። የሰረቅነውን እንመልስ፤ ስሙን ያጠፋነውን ሰው ባማንበት ሸንጎ ፊት እናክብረው፤ ሊመለስ የማይችለውን የበደልን እንደ ሆነም፥ ያ በደል ሁለተኛ እንዳይደረግ በራሳችን ላይ ሕግ እንሥራ። ጸጸት ብቻውን ሰውን ያስተክዛል፤ ኑዛዜና ካሣ የተከተሉት ጸጸት ግን ወደ ምሕረት ያደርሳል።