ስሙን በናስ ላይ የጻፈው ሰው፦ አዶልፍ ሳክስ

ሳክስፎን ሲነፋ ያልሰማ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ስሙ ከሰው ስም እንደመጣ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ክራርን ወይም ዋሽንትን መጀመሪያ ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ሳክስፎን ግን አባት አለው። አባቱም አዶልፍ ሳክስ ይባላል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሳክስ በ1814 ዛሬ ቤልጂግ በምትባለው አገር፣ በዲናን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር። የልጅነቱ ነገር ሲተረክ ጉድ ያሰኛል። ከፎቅ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፣ መርፌ ዋጠ፣ መርዝ ጠጣ፣ ባሩድ አቃጠለው፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ተረፈ ይባላል። አያድግም ተብሎ የተፈራለት ልጅ ግን አደገ።

ከአባቱ ሥራ ቤት እየዋለ ሙያውን ቀሰመ፤ በብራስልስ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ፍሉትና ክላርኔት አጠና። ልብ እንበል፤ መሥራት ብቻ ሳይሆን መጫወትም ያውቅ ነበር። በ1838 ባስ ክላርኔትን አሻሽሎ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1841 በብራስልስ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ ይገባዋል ሲባል፣ ገና ልጅ ነው ተብሎ እንደተከለከለ ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ ፓሪስ ገባ።

በዚያን ጊዜ በወታደር ሙዚቃ ጓድ ውስጥ አንድ ችግር ነበር። የእንጨት መሣሪያዎች ድምፃቸው ለስላሳ ቢሆንም ሜዳ ላይ በደንብ አይሰሙም፤ የናሶቹ ደግሞ ይጮኻሉ እንጂ ልስላሴ ያንሳቸዋል። ሳክስ ሁለቱን አጋባቸው። አካሉን ከናስ ሠርቶ ከጠባብ ወደ ሰፊ እየተከፈተ እንዲሄድ አደረገው፤ መንፊያው ላይ ግን እንደ ክላርኔት የሸምበቆ ምላስ አሰረለት። ሳክስፎን ገላው ናስ ሆኖ ሳለ ከእንጨት መሣሪያዎች ወገን የሚቆጠረው ለዚህ ነው። የፈጠራ መብቱን በ1846 ተቀበለ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1845፣ የሳክስን መሣሪያዎች የያዘ ጓድና የድሮውን የያዘ ጓድ ፓሪስ ሻን ደ ማርስ ሜዳ ላይ ተወዳድረው ሕዝቡ ለሳክስ ፈርዶለት ነበር። የፈረንሳይ ጦርም መሣሪያዎቹን ተቀበለ። ጠላት የተነሣበት ታዲያ ያኔ ነው። ገበያቸው የተነካባቸው ሠሪዎች ተባብረው ከሰሱት፤ ሙግቱም ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። እንዲያውም የሱን መሣሪያ ገዝተው፣ ስሙን ፍቀው፣ የሌላ አገር ሠሪ ስም ቀርጸው፣ ከሱ በፊት የነበረ ነው ብለው ለማስረጃ አቀረቡ ተብሎ ይተረካል። ቢረታም ገንዘቡ አለቀ። በ1852፣ በ1873 እና በ1877 ሦስት ጊዜ ከሰረ። ሲሰበስባቸው የኖሩት ከ400 በላይ መሣሪያዎች በሐራጅ ተሸጡ።

መምህርም ነበር። ከ1857 እስከ 1870 በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ለወታደር ሙዚቀኞች ሳክስፎን አስተማረ። በ1870 ጦርነት የተቋረጠው ይኸ ትምህርት እዚያ እንደገና የተጀመረው በ1942 ነው። ሳክስ ግን ያንን ሳያይ በ1894 በድህነት ሞተ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸ ነው።

እንግዲህ አሮጌ ሳክስፎን ቢገኝ ማንነቱ በምን ይታወቃል? አንደኛ፣ ጽሑፉ ይነበባል። ሳክስ በመሣሪያው ሰፊ አፍ ላይ ስሙንና ፓሪስን ይቀርጽ፣ ተከታታይ ቁጥርም ይመታበት ነበር። ከሱ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎችም ስምና ቁጥር ያኖራሉ፤ ዘመኑ የሚገመተው በቁጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ ቁልፎቹ ይታያሉ። የሳክስ ዘመን ሳክስፎን ለግራ አውራ ጣት ሁለት የኦክታቭ ቁልፎች አሉት፤ የዛሬው አንድ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሜሪካ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ኤል ወይም ኤች የሚል የላቲን ፊደል አለ። ኤች ያለበት ከፍ ባለ ቅኝት የተሠራ ስለሆነ ከዛሬዎቹ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

ዋጋን የሚወስነው እርጅና ብቻ አይደለም። የሠሪው ማንነት፣ የክፍሎቹ መሟላት፣ ከፋብሪካ የወጣበት ገጽ አለመነካቱ ሁሉ ይታያል። የሳክስን ሥራ ቤት የወረሰው ሰልመር በ1954 ያወጣው ማርክ 6 ከብዙ አዲስ መሣሪያ ይበልጥ ይፈለጋል። ተፍቆ እንደገና ቀለም የተቀባ ግን ቢያብረቀርቅም ዋጋው ይቀንሳል፤ ሲፈቀፈቅ ቅርጹም አብሮ ይሳሳልና።

ይኸ ለኛ ምን ያደርግልናል የሚል አይጠፋም። በአገራችን ሳክስፎን የቆየ እንግዳ ነው። በ2016 ያረፈው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ተጫውቶ የኛ አድርጎታል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ጥግ አንድ አሮጌ መሣሪያ ቢያጋጥመን፣ ናስ ነው ብለን በኪሎ ለቆራሌው አንስጥ፤ እንዲያምር ብለንም በአመድና በሎሚ አንፈግፍገው። በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ጠርገን፣ ስሙንና ቁጥሩን መዝግበን፣ ለሚያውቅ እናሳይ። የሳክስን ስም ለመፋቅ ጠላቶቹ ብዙ ደክመዋል፤ እኛ ባለማወቅ አናግዛቸው።