የሰዋስው መምህርና የታሪክ ጸሐፊ፤ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም

ተማሪዎች፤ የታሪክ መጻሕፍትን ስትከፍቱ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት የጦርነትን፣ የመንግሥትን መለዋወጥና የሃይማኖትን መስፋፋት ታሪክ ነው። ማን ከማን ጋር ተዋጋ፣ ማን ነገሠ፣ ማን ተሻረ፣ የትኛው ሃይማኖት ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ የሚለው ነገር ገጹን ሁሉ ይሞላዋል። ነገር ግን መጽሐፉን የጻፈው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ በምን ዘመን እንደ ኖረና በጽሑፉም ውስጥ ዐይኑን በማን ላይ እንዳሳረፈ አዘውትረን አንጠይቅም። በዚህ ምንባብ ሕይወቱን የምትከታተሉት ሰው ጦርነትንም የሃይማኖት ክርክርንም በመጻሕፍት ብቻ ያወቀ አልነበረም። ሁለቱም በቤቱና በራሱ ላይ ደርሰዋል።

ከእብናት ደጋ ተነሥታችሁ ወደ ጣና ሐይቅ አቅጣጫ ብትወርዱ የሊቦንና የይፋግን አገር ታገኛላችሁ። ይፋግ በቀድሞው ዘመን ከጎንደር የሚመጡና ወደ ጎንደር የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ ነበረች። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የተወለዱት በ1853 ዓ.ም. በቤጌምድር፣ በዚሁ በይፋግ አገር ነው።

የተወለዱበት ዘመን አስጨናቂ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው ዘመነ መሳፍንትን ቢደመድሙም፣ ጦርነቱ ግን ከአገሩ አልጠፋም። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ያደረጉት በደብረ ታቦር ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ደግሞ ወንጌልን ለማስተማር ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ያቀልጡ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የተሠራውም በዚያው ስፍራ ነው። እነሆ፣ ለሃይማኖት ስብከት የመጡ ሰዎች የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ሆኑ። የሃይማኖት መስፋፋትና ጦርነት በአንድ መንደር፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ እንዴት እንደ ተገናኙ ከዚህ ልትረዱ ትችላላችሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ታዬ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሡ በመቅደላ ሞቱ። ቀደም ሲል ከጎንደር አድባራት ተሰብስበው በመቅደላ ከነበሩት መጻሕፍትም ብዙዎቹን የእንግሊዝ ጦር ይዟቸው ሄደ። ስለዚህ ያ ዘመን ሕይወትንና ንብረትን ብቻ ሳይሆን፣ የአገሪቱን ታሪክ የያዙ ብራናዎችንም የበተነ ዘመን ነበር።

ታዬ ገና በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን አጡ። በዚያ ጊዜ ወላጅ የሌለው ልጅ ዕጣው ወይ በዘመድ ቤት ማደግ፣ ወይ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ አኩፋዳ አንጠልጥሎ መለመን ነበር። ታዬ ዘመድ ፍለጋ ረጅሙን መንገድ ተጕዘው ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከምጽዋ ደረሱ። ምጽዋ ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ከምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው በምንኩሉ የስዊድን የወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበርና፣ ታዬ በዚያ ገብተው ንባብና ጽሕፈት፣ ሌላም ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ከባርነት ነፃ ወጥተው፣ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጐም የታወቁት ኦነሲሞስ ነሲብም ከዚሁ የስዊድን ሚስዮን የተማሩ ነበሩ። የጦርነትና የባርነት ዘመን ከቤታቸው ያፈናቀላቸው ልጆች በአንድ የትምህርት ማዕድ ዙሪያ ተሰብስበው፣ ኋላ ለአገራቸው ቋንቋዎች ታላቅ አገልግሎት ሰጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ታዬ የውጭውን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ የአገር ቤቱን ትምህርት አልናቁም። ወጣት ሳሉ ወደ ቤጌምድር ተመልሰው ከቅኔ መምህራን እግር ሥር ተቀመጡ፤ የግዕዝን ቋንቋም አጠኑ። የቅኔ ቤት ትምህርት ቀላል አልነበረም። ተማሪው ግሱን በቃሉ ይዞ፣ አገባቡን ለይቶ፣ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ማቅረብ ነበረበት። በዚህ መንገድ ታዬ የሁለት ትምህርት ቤቶች ልጅ ሆኑ። አንዱ ማተሚያ መኪናና የውጭ መጻሕፍት ያሉበት የምንኩሉ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በደሳሳ ጎጆ ውስጥ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፈው የቅኔ ቤት ነበር።

የሁለቱ ትምህርት ጥምረት ያፈራው የመጀመሪያው ታላቅ ፍሬ መጽሐፈ ሰዋስው የተባለው መጽሐፋቸው ነው። ሰዋስው በግዕዝ ቋንቋ መሰላል ማለት ነው። መሰላል ወደ ላይ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የቋንቋ ሥርዐትም ተማሪውን ከቃል ወደ ምሥጢር ያወጣዋልና ስሙ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት የግዕዝ ሰዋስው የሚጠናው በአብዛኛው በቃል ወይም በየመምህሩ እጅ በሚገኝ ጥቂት ብራና ነበር። አለቃ ታዬ የግዕዙን ግስና አገባብ በአማርኛ አብራርተው በማሳተማቸው፣ በአንድ ቅኔ ቤት ግድግዳ ውስጥ ተወስኖ የነበረው ዕውቀት በየአገሩ ላለ ተማሪ ሊዳረስ ቻለ። እናንተም ዛሬ ስለ ስም፣ ስለ ግስና ስለ መስተዋድድ በመጽሐፍ ስትማሩ፣ ይህን መንገድ ቀድመው ከጠረጉት ሰዎች አንዱ እኚህ የይፋግ ሰው መሆናቸውን አትርሱ።

ይሁን እንጂ ዕውቀታቸው ያለ ፈተና አልቀረም። በምንኩሉ የተቀበሉት የወንጌላውያን ትምህርት በአገራቸው ካህናት ዘንድ ጥርጣሬን አስነሣባቸው። ጊዜው የሃይማኖት ክርክር የበረታበት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የረጅም ዘመን የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር በፍርድ እንዲዘጋ አድርገው ነበር። በዚያ ዘመን የሃይማኖት አንድነት ከአገር አንድነት ተለይቶ አይታይም ነበርና፣ አዲስ ትምህርት ይዞ የመጣ ሰው እንደ ከፋፋይ ይቈጠር ነበር። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናትን ካቃጠሉ፣ ዐፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ከወደቁ በኋላ፣ የቤጌምድር ሕዝብ ከውጭ ለሚመጣ ሃይማኖት የነበረው ስጋት ቢጠነክር አያስደንቅም። የከሳሾችን ስሜትና የተከሳሹን እውነት አብሮ መመርመር የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው።

አለቃ ታዬ በሃይማኖታቸው ምክንያት ተከስሰው ጉዳያቸው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሊቅነታቸውን ተመልክተው ሞገስ ሰጧቸው። ኋላም በ1897 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነት ውል ሲዋዋሉ፣ በበርሊን ግዕዝንና አማርኛን የሚያስተምር ሊቅ በመፈለጉ አለቃ ታዬ ተመርጠው ሄዱ። በበርሊን በነበረው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ለሦስት ዓመት ያህል አስተማሩ። ኦይገን ሚትቮክ የተባለው ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅም ከእርሳቸው ቃል የአማርኛን ሥነ ቃል ጽፎ አሳትሟል። ወላጅ አልባ ሆኖ ከይፋግ የወጣው ልጅ የአገሩን ቋንቋ በአውሮፓ ከተማ ለማስተማር በቃ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የኢትዮጵያን ታሪክ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ግን ብዙም ሳይቈይ ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ተይዘው ከመንግሥት ሥራ ራቁ። ጠባቂያቸው በደከሙ ጊዜ የቀድሞው ክስ እንደ ገና ተቀሰቀሰ፤ አለቃ ታዬም ታሰሩ። ከእስር ከተፈቱም በኋላ ብዕራቸውን አልጣሉም። የታሪክ ሥራቸውን ቀጠሉ።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ፣ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ ቤት ታተመ። ከዚያም ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ታተመ፤ ወደ እንግሊዝኛም ተተርጕሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ወጣ። መጽሐፉ ምን አዲስ ነገር እንዳመጣ ለማወቅ ከእርሱ በፊት የነበረውን ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የሚጽፉት ዜና መዋዕል የነገሥታትን ሥራ ይከተል ነበር። ንጉሡ የት ከረመ፣ ማንን ወጋ፣ ማንን ሾመ፣ የትኛውን ደብር ተከለ የሚለው ነበር የጽሑፉ አከርካሪ። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ነጋዴውና እረኛው የሚታዩት ሲዘምቱ ወይም ሲዘረፉ ብቻ ነበር። አለቃ ታዬ ግን ገና በመጽሐፋቸው ስም ላይ ሕዝብ የሚለውን ቃል አኖሩ። አገው፣ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌ፣ ሌሎችም የኢትዮጵያ ነገዶች ከየት መጡ፣ እንዴትስ በአንድ አገር ተገናኙ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከዙፋኑ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር።

ጥያቄው ታላቅ ቢሆንም መልሱ ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። አለቃ ታዬ በዘመናቸው እንደ ነበሩት ብዙ ሊቃውንት የነገዶችን አመጣጥ ከኖኅ ልጆች ትውልድ ጀምረው ይቈጥራሉ። በትውፊት የተነገረውንም ከመጻሕፍት ከተገኘው ጋር ያዋሕዳሉ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት የቋንቋና የከርሰ ምድር ጥናት ሊቃውንት ግን አንድን ሕዝብ ከአንድ አባት በማስወለድ ታሪኩን ማወቅ እንደማይቻል አሳይተዋል። ሕዝቦች ይጋባሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ቋንቋ ይለውጣሉ፣ ሃይማኖት ይቀበላሉ፤ በመጨረሻም አዲስ ማኅበረሰብ ይሆናሉ። ስለዚህ የአለቃ ታዬን መጽሐፍ ስታነቡ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ስለ ጥንቱ ዘመን የተነገረ ትውፊት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ስለ ወገኖቹ እንዴት ያስብ እንደ ነበር የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያላነሰ ዋጋ አለው።

ከዚህ ሕይወት የምትማሩት አንድ የአነባበብ ዘዴ አለ። ስለ ጦርነት፣ ስለ መንግሥት ለውጥ ወይም ስለ ሃይማኖት የተጻፈ መጽሐፍ ሲገጥማችሁ ሦስት ጥያቄዎችን አቅርቡ። ጸሐፊው ነገሩን በዐይኑ አየ ወይስ ከሌላ ሰማ? በሚጽፍበት ጊዜ ከማን ወገን ቆሞ ነበር? በመጽሐፉ ውስጥ ስማቸው ያልተነሣ፣ ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎችስ እነማን ናቸው? በደብረ ታቦር ቃጠሎ ቤታቸውን ያጡት፣ ሴባስቶፖልን በትከሻቸው የጎተቱት፣ በደርቡሽ ወረራ የተሰደዱት ሰዎች ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው አላኖሩልንም። እነርሱን ለማግኘት የተጻፈውን መመርመር፣ የአባቶችንና የእናቶችን ቃል መስማት ያስፈልጋል።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1916 ዓ.ም. ዐረፉ። በጦርነት ዘመን ተወልደው የሰላም ሥራ የሆነውን ማስተማርን መረጡ። በሃይማኖታቸው ምክንያት ቢከሰሱና ቢታሰሩም፣ ያሳሰራቸው አገር ታሪክ ጠፍቶ እንዳይቀር ደከሙ። ቋንቋውን ለሚማር መሰላል ሠሩ፤ ስለ ሕዝቡ ለሚጠይቅም በር ከፈቱ። በዚያ በር የሚገባው ተማሪ የተነገረውን ተቀብሎ የሚቀር ሳይሆን፣ እርሳቸው የጠየቁትን ጥያቄ ተረክቦ በተሻለ ማስረጃ የሚመልስ መሆን ይገባዋል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች ምንባቡን መሠረት አድርጋችሁ በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. አለቃ ታዬ የሁለት ትምህርት ቤቶች ልጅ ናቸው የተባለው ስለ ምንድን ነው?
2. በጋፋት የሃይማኖት መስፋፋትና ጦርነት እንዴት ተገናኙ?
3. የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፍ ከቀድሞዎቹ ዜና መዋዕሎች በምን ይለያል? ድክመቱስ ምንድን ነው?

ለ. ቢሆንም፣ ስለዚህ፣ ይሁን እንጂ እና ከዚያም የሚሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የትኞቹን ሐሳቦች እንዳያያዙ ለይታችሁ ጻፉ። እያንዳንዱንም በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

ሐ. በምትኖሩበት ቀበሌ በዕድሜ ከገፉ ሰዎች አንዱን ወይም አንዷን ስላዩት ጦርነት፣ ስደት ወይም የመንግሥት ለውጥ ጠይቁ። የሰማችሁትን ከአንድ የታሪክ መጽሐፍ ጋር አነጻጽራችሁ፣ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።