ከጋፋት እስከ ዓስፉሪዬ፦ የቴዎፊሎስ ዋልድማየር ሕይወት

በቤይሩት ሰው ሲጣላ አንዱ ሌላውን የዓስፉሪዬ ሰው ብሎ መስደቡ የተለመደ ነው። ቃሉ በዐረብኛ ከወፍ ስም የመጣ ሲሆን ለሊባኖሶች ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ የእብዶች ቤት። ከከተማው ወጣ ብሎ በሐዝሚዬ ኮረብታ ላይ የነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ከተዘጋ አርባ ዓመት ቢያልፈውም ስሙ በሰው አፍ ቀርቷል። ሆስፒታሉን ያቋቋመው ሰው ቀደም ሲል ደብረ ታቦር አጠገብ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ይሠራ የነበረ መሆኑን ግን እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን አናውቅም። ስለዚህ በዚህ እትም ታሪኩን ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴዎፊሎስ ዋልድማየር በ1832 በስዊዘርላንድ፣ በአርጋው ክፍለ ሀገር ተወለደ። ባዝል አጠገብ በሚገኘው የክሪሾና ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። በዚያ ዘመን የኢየሩሳሌም ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት፣ ራሱ ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ያገለገለ ሰው፣ ወደ አገራችን ሰባኪ ከመላክ ይልቅ የእጅ ባለሙያ የሆኑ ሚስዮናውያንን መላክ ይሻላል የሚል አሳብ ነበረው። አሳቡ ብልጠት አልጎደለውም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ስብከት ባይፈልጉም ሙያ ይፈልጉ ነበርና። ሚስዮንና የባዕድ ጥቅም እንዴት እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሚሄዱ በመካከላችን ደጋግመን የተነጋገርንበት ስለሆነ እዚህ አንመለስበትም። ዋልድማየር በ1850ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ገባና ከጓደኞቹ ጋር በጋፋት ተቀመጠ። አማርኛም አጥርቶ ተማረ።

እዚያው አገባ። ሚስቱ የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ልጅ ነበረች። ቤል የቴዎድሮስ ታማኝ የነበረና በ1860 በጦር ሜዳ ለንጉሡ ሲል የሞተ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የልጅቱ እናት ግን ኢትዮጵያዊት ናት። የውጭ ጸሐፊዎች ስለ ዋልድማየር ብዙ ሲጽፉ ስለዚች ሴት ጥቂት ብቻ ብለው ማለፋቸው ቅር ያሰኘናል። ከጋፋት እስከ ሊባኖስ ተራራ አብራው የተንከራተተች፣ ልጆቹን ያሳደገች እሷ ነች።

የጋፋት ሥራ ምን እንደነበረ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ባለሙያዎቹ ብረት ማቅለጥ እንደማያውቁ ቢናገሩም አልተለቀቁም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ኋላ ተሳካ። ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1867 ተሠርቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ትከሻና ክንድ እስከ መቅደላ ተጎተተ። ዛሬም እዚያው ነው። ዋልድማየርና ጓደኞቹም ከንጉሡ ሠራዊት ጋር መቅደላ ወጡ። በአምባው ላይ ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን፣ ከእነሱም የሚበዙ ኢትዮጵያውያን፣ በእግር ብረት ታስረው ነበር። ሚያዝያ 1868 ቴዎድሮስ ሲሞቱና እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ዋልድማየር ቤተሰቡን ይዞ ከአገር ወጣ።

በቤይሩት ለጥቂት ዓመታት በእንግሊዝ ሚስዮን ትምህርት ቤቶች ሠራ። በ1873 ከቤይሩት በላይ ወዳለችው ወደ ብሩማና ወጥቶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ያስተምራል። በእነዚሁ ዓመታት ጦርነትን ፈጽሞ ከሚጸየፉት ከኩዌከሮች ማኅበር ገባ። መድፍ ሲያቀልጥ የኖረ ሰው ይህን መምረጡ አያስደንቅም ባይ ነን።

በዚያን ጊዜ በሊባኖስ ተራራ አእምሮው የታመመ ሰው ዕጣው ምን ነበር? በሰሜን በኩል በቆዝሐያ የቅዱስ እንጦንስ ገዳም ዋሻ አለ፤ ሕመምተኛው እርኩስ መንፈስ አለበት ተብሎ አንገቱ በሰንሰለት ታስሮ በዋሻው ይቀመጥ ነበር። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ በአንዳንድ ጸበል ቦታ በሰንሰለት የታሰረ ዘመድ ሳይታወሰው አይቀርም። ዋልድማየር በመቅደላ የእግር ብረትን በዓይኑ አይቷል፤ በሊባኖስ ደግሞ ወንጀል የሌለበት ሕመምተኛ ሲታሰር አየ። ሁለቱ በልቡ እንደተያያዙ መገመት ይቻላል።

ዕድሜው ስልሳ ካለፈ በኋላ ብሩማናን ትቶ አዲስ ሥራ ጀመረ። በ1896 በቤይሩት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከዚያም በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ገንዘብ ለመነ። የዓስፉሪዬ መሬት ተገዛ፤ በ1900 የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ገቡ። ሰንሰለት ተከለከለ። ሙስሊም፣ ማሮናዊ፣ ድሩዝ፣ አይሁድ ሳይባል ሁሉም ይታከም ነበር። ሕሙማኑ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ሳይታጨቁ በተለያዩ ቤቶች ይቀመጡ ነበር። ዋልድማየር በ1915 በጦርነቱ መካከል ሞተ።

ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች ትልቁ ቁም ነገር ከሞቱ በኋላ የሆነው ነው። መስራቹ ሐኪም አልነበረም፤ ቤቱ ግን ማስተማሪያ ሆነ። የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የአእምሮ ሕክምናን በሕሙማኑ አልጋ አጠገብ የተማሩት እዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ነርሶች ማሠልጠኛ ተከፈተበት። በ1975 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ሆስፒታሉ መከራ ላይ ወደቀ፤ ወደ አራሙን ለማዛወር የታሰበው አዲስ ሕንፃም ተጎዳ፤ በ1982 ተዘጋ። ከዚያ የሠለጠኑት ግን ሙያቸውን ይዘው ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ሄዱ። ሕንፃ ጦርነት ያፈርሰዋል፤ የተማረ ሰው ግን ሌላውን ያስተምራል።

በአገራችን በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1987 ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው ደግሞ በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ሙያውን ለመማር ወደ ውጭ መሄድ ነበረባቸው። የትምህርት ቤት አማካሪዎች ጉዳይማ ገና ብዙ ይቀረዋል።

በየካቲት 2012 አንዲት እህታችን እዚሁ በቤይሩት በቆንስላችን ደጃፍ ስትደበደብና በመኪና በግድ ስትጫን የሚያሳየውን ፊልም ዓለም አየው። ወደ አእምሮ ሆስፒታል ተወሰደች፤ በመጋቢትም እዚያው ሕይወቷ በእጇ አለፈ። በሰው ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን ሲታመሙ መጀመሪያ የሚፈልጉት በቋንቋቸው የሚያዳምጣቸውን ሰው ነው። በዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቡናና የምክር አገልግሎት ሙያ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይሰጣል፤ ከሕሙማን ጋር ደግሞ ሥራው በዐረብኛ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ የሚችል ባለሙያ ግን ከእኛ መካከል ካልሆነ ከሌላ ቦታ አይመጣም።