ወንዝ ያስተማረው ደራሲ

ማርክ ትዌይን የሚለውን ስም ያልሰማን ጥቂቶች ነን። ታዲያ ስሙ ከወንዝ የተገኘ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ መርከበኞች የውሃውን ጥልቀት በገመድ እየለኩ ይጮኹ ነበር። ማርክ ትዌይን ሲሉ ጥልቀቱ 12 ጫማ ነው፣ መርከቡ ሳይሰጋ ያልፋል ማለታቸው ነው።

ደራሲው ትክክለኛ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1835 በሚዙሪ ግዛት ተወለደ። (ሌሎቹም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1839 ቤተሰቡ ሃኒባል ወደምትባል ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ገባ። የሃኒባል ኑሮ በወንዙ ነበር። የአሳማ ሥጋ፣ ትምባሆና የገመድ ቃጫ በመርከብ ይወጣል፤ ሸቀጡም ወሬውም በመርከብ ይገባል። መርከብ የመጣ ለት ሕዝቡ ግር ብሎ ይወጣል፤ ሲሄድ ከተማው መልሶ ያንቀላፋል። ያ ሁሉ ንግድ ግን የባሪያ ጉልበትም ነበረበት። የሳሙኤል ቤተሰብ ራሱ ባሪያ ይገዛ ነበር።

በ1847 አባቱ ሲሞት ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ ማተሚያ ቤት ገባ። ደመወዝ የለም፤ ምግብና ልብስ ብቻ ነው። ፊደል እየለቀመ ማንበብን ወደደ።

በ1857 ሆረስ ቢክስቢ የተባለ የመርከብ መሪ በ500 ዶላር ሊያስተምረው ተስማማ። ትምህርቱ ቀላል እንዳይመስለን! ከሴንት ሉዊስ እስከ ኒው ኦርሊንስ ያለውን ረጅም የወንዝ መንገድ፣ እያንዳንዱን መታጠፊያና የአሸዋ ደለል፣ በቀንም በጨለማም በቃሉ መያዝ ነበረበት። ወንዙ ደግሞ ይለዋወጣል፤ ትናንት የተጠናው ዛሬ አይሠራም። በ1858 ሥራ ያስገባው ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ የመርከብ ቦይለር ፈንድቶ ሞተ። ይህ ሐዘን ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። እርሱ ግን በ1859 የመሪነት ፈቃዱን አገኘ።

ምን ዋጋ አለው፣ ሙያው ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ወንዙን ዘጋው። ከጦርነቱም በኋላ ጭነቱን ባቡር እየወሰደ ሄደ። በ1882 ወንዙን ሊጎበኝ ሲመለስ፣ ድሮ መርከብ የሚሰለፍበት ወደብ ጭር ብሎ አገኘው።

ሙያው ቢጠፋም ዕውቀቱ አልጠፋም። በ1876 ቶም ሶየርን፣ በ1885 በአሜሪካ የታተመውን ሀክልቤሪ ፊንን ከሃኒባልና ከወንዙ ቀዳ። በሁለተኛው መጽሐፉ ከባርነት ያመለጠውን ጂምን ሙሉ ሰው አድርጎ አሳየ። በልጅነቱ ማንም ክፉ ነው ያላለውን ባርነት፣ ካደገ በኋላ ነቀፈው። በ1910 አረፈ።

ዛሬ ወደ ሃኒባል ሰው የሚሄደው ያደገበትን ቤት ለማየት ነው። ድሮ ከተማዋ ልጁን አሳደገች፤ ኋላ የልጁ ስም ለከተማዋ እንጀራ ሆነ።

እኛም ነገ በትንንሽ ከተሞች እንመደባለን። ከተማዋ በምን እንደምትኖር ሳንጠይቅ ጠመኔ ብናነሳ፣ ተማሪዎቻችን ከወንዛቸውና ከገበያቸው ያወቁትን ዕውቀት ከክፍል ውጭ እናስቀረዋለን።