በስልቻ የተጓዘች ካሜራ

አዲስ አበባ ተወልደው ስማቸው በዓለም ከናኘ ፈረንጆች አንዱን ጥራ ብባል ዊልፍሬድ ቴሲጀርን አስቀድማለሁ። ብዙዎች የሚያውቁት የዐረብን በረሃ በግመልና በእግር አቋርጦ በጻፋቸው መጻሕፍት ነው። እኔን ግን ከመጻሕፍቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ጓዙ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ከተነሱ የበረሃ ፎቶግራፎች መካከል ምርጥ ከሚባሉት ብዙዎቹን ያነሳው ይህ ሰው፣ ካሜራዬ ብሎ ይዞ የዞረው በአንድ እጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ነበር። መያዣዋም ከፍየል ቆዳ የተሠራ ከረጢት ነው። እኛ ስልቻ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው።

ዛሬ ከከተማ ወጣ ለማለት ያሰበ የፎቶ ወዳጅ የሚጨነቀው ምን ልያዝ ብሎ ሳይሆን ምኑን ልተው ብሎ ነው። ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ መቆሚያ፣ ቻርጀር፣ ትርፍ ባትሪ፣ ሜሞሪ ካርድ፣ በዚያ ላይ ይህን ሁሉ የሚሸከም ቦርሳ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የዕቃ ማስታወቂያ ከማገላበጥ የቴሲጀርን ሕይወት ማየት የሚሻል ይመስለኛል።

ቴሲጀር የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1910) በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ነው። አባቱ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ነበር። ልጁ ሲወለድ የሌጋሲዮኑ አዲስ ሕንጻ ገና ስላላለቀ ቤተሰቡ የሚኖረው በጭቃ በተመረገ ሳር ክዳን ቤት ውስጥ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት ሆነ። በዚያ የጭንቅ ጊዜ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን የተጠለሉት በዚሁ ሌጋሲዮን ነበር። ትንሹ ዊልፍሬድ ድል አድራጊው ሠራዊት ጃን ሜዳ ላይ ሲያልፍ፣ ምርኮኛው ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ሲነዱ በዓይኑ አየ። ካደገ በኋላ የጀብዱና የጥንታዊ ሥርዓት ፍቅር ያደረበት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ልብ እንበል፤ ያ ቀን በእጁ ካሜራ አልነበረም። እስኪሞት ድረስ ግን ያንኑ ትዕይንት ሲፈልግ የኖረ ይመስለኛል።

ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በዓመቱ አባትየው ሞተ። ልጁ በኢተን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ተማረ። በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲደፉ የአባትየውን ወዳጅነት ያልዘነጉት ጃንሆይ የሃያ ዓመቱን ተማሪ በግል ጋብዘውት መጣ። በዓሉ ሲያበቃ ወደ አፋር ወርዶ አደን አደነ፤ የአዋሽ ወንዝ መጨረሻ የት ነው የሚለው ጥያቄም እረፍት ነሳው። ለዚህ መልስ እ.ኤ.አ. በ1933 ተመልሶ መጥቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ፣ ወንዙ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር አይቶ ታጁራ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1875 ሙንዚንገር ከነሠራዊቱ ያለቀው በዚሁ በአውሳ ምድር መሆኑን ለሚያስታውስ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት በሰላም ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም።

የዚያን ዘመን ፎቶዎቹን ያነሳው ከአባቱ በወረሳት አሮጌ ኮዳክ ነው። ከአውሳ መልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ላይካ ገዛ። የላይካን ትርጉም ለመረዳት ከእሷ በፊት የነበረውን ማሰብ ያስፈልጋል። ቁም ነገር ያለው ፎቶ አነሳለሁ የሚል ተጓዥ ትልቅ የእንጨት ሣጥን፣ ከባድ መቆሚያ፣ በቀላሉ የሚሰበር የመስታወት ሰሌዳ፣ ይህንንም የሚሸከም ሰውና አጋሰስ ይዞ ነበር የሚሄደው። ላይካ የሲኒማ ፊልም ተጠቅማ፣ በአንድ ጥቅል 36 ፎቶ እያነሳች፣ ኮት ኪስ ውስጥ ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣችው ሁለተኛዋ ሞዴል ርቀት መለኪያውን ከሌንሱ ጋር አቀናጅታ ስለመጣች በግምት ማነጣጠር ቀረ። ባትሪ አያሻትም፤ የምትሠራው በጥርስና በስፕሪንግ ነው። ቴሲጀር የመረጠው ይህችን ነበር። ተራውን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሞ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ጨምሮ ሄደ። ባለ ቀለም ፊልም እንደልብ ከተገኘ በኋላ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

ካሜራዋ ብቻዋን ግን ሰውየውን ቀላል ተጓዥ አላደረገችውም። በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ተቀጥሮ ዳርፉር ውስጥ ኩቱም ሲመደብ አለቃው ጋይ ሙር የሚባል ሰው ሆነ። የዘመኑ የቅኝ ግዛት ሹም ሲጓዝ ድንኳን፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወጥ ቤት ያስከትላል። ሙር ግን በጥቂት ግመል፣ ከአጃቢዎቹ ጋር ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ መሬት ላይ እየተኙ መሄድን አስተማረው። ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1938 በቻድ ወዳለው ቲቤስቲ ተራራ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ካሜራው ከጓዝ ጋር ሳይሆን ከጉዞ ልማድ ጋር የተጣጣመው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጦርነቱን ቶሎ ልለፈው። በዊንጌት ሥር ሆኖ ኢትዮጵያን ነፃ ለማውጣት ተዋጋ፤ አጊባር ላይ ለፈጸመው ተጋድሎ ተሸለመ። በኋላም ደሴ ላይ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አማካሪ ሆኖ አንድ ዓመት ያህል ቆየና ሥራውን ለቀቀ። የሕይወቱ መታጠፊያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1945 እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ነው። የአንበጣ ምርምር ድርጅት ኃላፊ የሆነ እንግሊዛዊ፣ ሩብ አል ኻሊ ወደሚባለው የደቡብ ዐረቢያ ባዶ በረሃ ገብቶ አንበጣ የሚራባበትን ቦታ የሚፈልግ ሰው ያሻው ነበር። ቴሲጀር ወዲያው ተስማማ። ስለ አንበጣው ብዙም እንዳልተጨነቀ ራሱም አልደበቀም።

ከ1945 እስከ 1950 በነበሩት አምስት ዓመታት በዚያ ምድር የሄደው መንገድ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የመጀመሪያውን ታላቅ ማቋረጥ እ.ኤ.አ. በ1946 መጨረሻ ከሰላላ ሲነሳ ጀመረ። ከባዱ ክፍል ላይ አብረውት የቀሩት ጥቂት በደዊኖች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ የአሥራ ስድስት ዓመት ያህሉ ሳሊም ቢን ካቢና ነው። መንገዱን የሚያውቀው መሐመድ አል አውፍ ብቻ ነበር። ግመሎቹ የሚሸከሙት ዱቄትና በፍየል ቆዳ የተቋጠረ ውሃ ነው። ውሃውም ያዛል፣ ይንጠባጠባል። ለሰው የሚደርሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ነበር። ኡሩቅ አል ሻይባ የሚባሉት የአሸዋ ተራራዎች ላይ ግመል ከደከመ ሁሉም ያልቃል። እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ አንድ ተጨማሪ ሌንስ ከሌንስነት ያልፋል፤ የአንድ ሰው ውሃ ቦታ ነው። ሊዋ አጠገብ ሲደርሱ ምግብ አልቆ፣ ጓደኞቹ እህል ፍለጋ እስኪመለሱ ሦስት ቀን አሸዋ ላይ ተኝቶ በረሃብ ጠበቀ።

ስልቻዋም ለጌጥ አልነበረችም። የበረሃ አሸዋ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በሌንሱ ቀለበትና በመዝጊያው መጋረጃ መሐል ከገባ ካሜራው አበቃለት። ለስላሳ ቆዳ አፉ ሲቋጠር አሸዋ አያስገባም፣ ግጭትም ያበርዳል፤ ኮርቻ ላይ ከተንጠለጠለው የበደዊን ዕቃ ስለማይለይም ዓይን አይስብም። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ባዕድና ክርስቲያን መሆኑ ቢታወቅ ሊገድሉት የሚችሉ ጎሳዎች ባሉበት አገር እንደ በደዊን ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው። በሁለተኛው ጉዞው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ሱለይል ላይ በንጉሥ ኢብን ሳዑድ ትእዛዝ ታስሮ፣ በፊልቢ አማላጅነት ነው የተፈታው።

ከሁሉ በላይ ግን ትልቁን ሥራ የሠራው የሌንሱ ነገር ይመስለኛል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሰው ፊት ክፈፉን እንዲሞላ ከተፈለገ መጠጋት ግድ ነው። ከሩቅ ስቦ ማንሳት የለም። ቢን ካቢናና በኋላ የመጣው ቢን ጋባይሻ በፎቶዎቹ ላይ የሚታዩት ያለ ድንጋጤና ያለ ፈገግታ ልምምድ ነው፤ ከጀርባቸው ሰማይ ብቻ። ያን ያህል የተጠጋውን ሰው አብረውት የተራቡ፣ አብረውት የተጠሙ፣ ከአንድ እሳት ዙሪያ የተኙ ናቸው። ዕቃው ሊያንስ የቻለው ጊዜው ስለረዘመ ነው። እኛ ላሊበላ ለሦስት ቀን ስንሄድ ረጅም ሌንስ የምንሸከመው የጎደለንን ቀን በመስታወት ለመሙላት ይመስለኛል። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመን፣ እሱ ሦስተኛውን ሌንስ እስኪቀይር መስቀል የያዙት አባት ሰላምታ ሰጥተውን አልፈው ሲሄዱ ይህንኑ አሰብኩ።

ደግሞም ፊልም ውሱን ነው። የተነሳው ፎቶ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ከወራት በኋላ ከተማ ተገብቶ ሲታጠብ ነው። እያዩ መደምሰስ፣ እንደገና ማንሳት የለም።

ይሁንና ሰውየውን እንዳለ አልቀበለውም። መኪናን ይጠላ ነበር፤ በረሃው ውስጥ ዘይት መገኘቱን እንደ መርዶ ነው ያየው። ቢን ካቢና ግን እንደማንኛችንም መኪናና ሐኪም ቢመኝ አይፈረድበትም። ቴሲጀር ችግሩን መርጦ የገባበት፣ ሲሰለቸው ለንደን የእናቱ ቤት የሚጠብቀው ሰው ነበር። ጓዙ የቀለለውም አል አውፍን የመሰለ አዋቂ ስለመራው ጭምር ነው። በዐረቢያ ፎቶዎቹ ሴቶች የሉም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ኦማንና አቡ ዳቢ ሲመለስ ሁለቱ ሳሊሞች ተቀበሉት፤ አገሩ ግን ሌላ ሆኖ ነበር። እሱ አዘነ፤ እነሱ ግን የሚያዝኑበት ምክንያት አይታየኝም።

በዚያው ልክ ባያነሳቸው ኖሮ የሚጠፉትን ማሰብ ተገቢ ነው። ከ1950 እስከ 1958 በየዓመቱ በሚባል ሁኔታ ወደ ደቡብ ኢራቅ ረግረግ እየሄደ፣ ከሸምበቆ ቤት ከሚኖሩት ሰዎች ጋር በታንኳ እየዞረ ኖረ። ያንን ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሳዳም ሁሴን መንግሥት አደረቀው፤ ከ2003 በኋላ ውሃው የተመለሰው በከፊል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ደግሞ ወደ አገራችን ተመልሶ በበቅሎ ደቡቡንም ሰሜኑንም ዞረ፤ ላሊበላንም አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን መታሰቢያነት የሰጠው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ያም ንጉሠ ነገሥቱን በበጎ ማንሳት በማይወደድበት ዘመን።

የኋላ ዓመታቱን በአብዛኛው ያሳለፈው ሰሜን ኬንያ፣ ማራላል ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) በ93 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ። 38 ሺህ ያህል ኔጋቲቮቹና የመረጣቸውን ፎቶዎች ራሱ በተርታ ያደራጀባቸው አልበሞች ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። የአፋር፣ የዐረቢያና የኢራቅ ፎቶዎቹ እዚያው ጎን ለጎን ናቸው።