ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ከእርሻ ትምህርት ወደ ሥዕል ስቱዲዮ

የሥዕል ትምህርት ቤት ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ተማሪው ገልብጦ፣ በፈተና ቀን ያንኑ መልሶ የሚያስረክብበት ትምህርት በዚያ ጥቂት ነው። ረጅሙ ሰዓት የሚያልፈው በስቱዲዮ፣ ከሸራና ከቀለም ጋር በመታገል ነው። መምህሩ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሁሉም መሠረት የሆነውን ይማራል፤ የመስመርን፣ የብርሃንና የጥላን፣ የሰውን አካል ምጣኔ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከባዱ ነገር ነው፤ መምረጥ።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ውስጥ የዚህን ምርጫ ዋጋ ከሌሎች ይልቅ የሚያስታውሰን ሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በሠዓሊነቱና በገጣሚነቱ ስሙ ገኗል፤ መምህርነቱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው፣ የብራና መጻሕፍትን የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ። እናቱን በሕፃንነቱ አጥቷል። የመጀመሪያው ስቱዲዮው የአባቱ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። በብራና ሥዕል ሥርዓት ተማሪ ከመምህሩ ሥር ቁጭ ብሎ እጁን የሚያሠለጥነው የቀደመውን በመከተል ነው። የቅዱሱ ዐይን፣ የልብሱ ቀለም፣ የእጁ አቀማመጥ አስቀድሞ የታወቀ ነውና የሠዓሊው ክብር ያለው ከሥርዓቱ ባለመውጣቱ ነው። ገብረ ክርስቶስ ብሩሽን ያወቀው በዚህ ዓለም ውስጥ ነው።

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ። የገባው ግን ሥዕል ለማጥናት አልነበረም፤ እርሻ ለማጥናት እንጂ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥዕልን በመደበኛነት የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ገና አልነበረም። ለአንድ ብሩህ ወጣት የተዘጋጁት መንገዶች የታወቁ ነበሩ፤ እርሻም ከነርሱ አንዱ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወው። ኮሌጅ መግባት ትልቅ ዕድል በሆነበት ዘመን ይህን በር ዘግቶ መውጣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

በ1957 የምዕራብ ጀርመን የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኮሎኝ አቀና። የገባበት ኮልነር ቬርክሹለን በስሙም በአሠራሩም የወርክሾፕ ትምህርት ቤት ነበር። ሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ፣ የመስታወት ሥዕልና የብረታ ብረት ሥራ በአንድ ተቋም ውስጥ ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። በቤተ መዘክር የሚሰቀለው ጥበብና ለቤት፣ ለሕንፃ፣ ለዕለት ኑሮ የሚያገለግለው ጥበብ በግንብ አልተለያዩም።

ከተማዋም በራሷ ትምህርት ነበረች። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሳ እንደገና እየተገነባች ነበር። ናዚዎች ዘመናዊውን ሥዕል የተበላሸ ጥበብ ብለው ከየቤተ መዘክሩ አውጥተው፣ በ1937 ለመሳለቂያ በዐደባባይ አሳይተውታል። መንግሥት ለሠዓሊ ምን መሳል እንዳለበት ሲነግረው ምን እንደሚከተል የጀርመን ሠዓሊዎች በራሳቸው ላይ አይተዋል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ትውልድ ወደ ረቂቅ ሥዕል ያዘነበለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ገብረ ክርስቶስ የኮሎኝን ትምህርት በብቃት አጠናቅቆ፣ በዚያችው ከተማ በ1962 የግል ዐውደ ርእዩን አሳየ።

እሱ በጀርመን ሳለ በአገሩ አንድ ትልቅ ነገር ሆኗል። አለ ፈለገ ሰላም ከአሜሪካ፣ ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው፣ የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በእርሳቸው ዳይሬክተርነት ተከፍቷል። ገብረ ክርስቶስ ወደ አገሩ ሲመለስ በዚህ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ እርሻን ትቶ ሲወጣ ያላገኘውን ትምህርት ለሌሎች ወጣቶች መስጠት ጀመረ።

የዚያ ዘመን ትምህርት ቤት ያገኘው ዕድል የመምህራኑ አለመመሳሰል ነበር። አለ ፈለገ ሰላም የተፈጥሮን መልክ በትክክል የማስፈርን ጥበብ አጥብቀው የያዙ ሠዓሊ ነበሩ። ከጀርመን ተነሥቶ በብራዚል የኖረው ሐንሰን ባሂያ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተማረ። ከፓሪስ የተመለሰው እስክንድር ቦጎስያን በ1966 መጥቶ ለጥቂት ዓመታት አስተማረ። ገብረ ክርስቶስ ደግሞ ረቂቁን ሥዕል ይዞ መጣ። ወጣቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር አራት የተለያዩ የሥዕል መንገዶችን ያይ ነበር።

የአዲስ አበባ ተመልካች ግን ረቂቁን ሥዕል በቀላሉ አልተቀበለውም። መልኩ የማይለይ ሥዕል ምን ይላል? የኢትዮጵያዊነቱስ ምልክት የት አለ? ክርክሩ ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ ደረሰ። ገብረ ክርስቶስ ለክርክሩ የሰጠው መልስ ሥራው ነበር። በ1963 የሳለው ጎልጎታ ስቅለትን በቀይ ቀለም አጥለቅልቆ ያቀርባል። ርእሰ ጉዳዩ አባቱ በብራና ላይ ይሥሉት የነበረው ነው፤ አሣሣሉ ግን የእሱ ነው። በሌላ በኩል ሊስትሮውንና የቆርቆሮ ቤቱን፣ እናትና ልጅን፣ መልካቸው በሚለይ መንገድ ሥሏል። ረቂቁን መምረጡ ሌላውን ለመተው አልነበረም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት በሥነ ጥበብ ተሰጠው።

መምህርነቱ የሚለካው ግን በሽልማት ሳይሆን ከእጁ ባለፉት ተማሪዎች ነው። ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ኮስሮፍ በዚያ ትምህርት ቤት ከተማሩት መካከል ናቸው። አንዱ ጠባብ የቀርከሃ ዘንጎችን ጎን ለጎን ገጥሞ በላያቸው በመሣል፣ ሌላው የአማርኛን ፊደል ሰባብሮና አስጨፍሮ የሸራው መሠረት በማድረግ ይታወቃሉ። ሁለቱም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ ገብረ ክርስቶስንም አይመስሉም። ለስቱዲዮ መምህር ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ከ1974 አብዮት በኋላ ጊዜው ተለወጠ። ደርግ ጥበብ የአብዮቱ አገልጋይ እንዲሆን ፈለገ። የሠራተኛው ክንድ፣ የገበሬው ማጭድ፣ የሚውለበለበው ባንዲራ የዘመኑ ሥዕል ሆኑ። ለረቂቅ ሥዕል የቀረው ቦታ ጠበበ። ገብረ ክርስቶስ በኮሎኝ በታሪክነቱ የሰማው ነገር በሌላ ስም በአገሩ ደጅ መጣበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቆ ወጣ። መጀመሪያ ወደ ጀርመን፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ሄደ። የአገሩን መሬት በናፍቆት በሚያስታውሰው ግጥሙ ብዙዎች የሚያውቁት ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ግዛት፣ በሎተን ከተማ አረፈ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ግጥሞቹ ተሰብስበው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ ለኅትመት የበቁት ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጀርመን አገር ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቹ መካከል ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው፣ በ2008 በዩኒቨርሲቲው ሥር በስሙ በተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። ያስተማረበት ትምህርት ቤትም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ይጠራል።

ዛሬ አንድ ወጣት በዚያ ትምህርት ቤት የመሠረት ትምህርቱን ጨርሶ ሥዕልን፣ ቅርፃ ቅርፅን ወይም ኅትመትን ሲመርጥ፣ ምርጫው የትምህርት ዘመኑ አንድ መደበኛ እርምጃ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ገብረ ክርስቶስ ግን ይህን እርምጃ ለመራመድ ኮሌጁን ትቷል፤ እንደ ሠዓሊ መምረጡን እንዳይተው ደግሞ አገሩን። በስሙ ወደተከፈተው ሙዚየም የተመለሱት ሥዕሎቹ ብቻ ናቸው።